ብረቱን ግዙ፣ ብርሃኑን ተዉት

የመጀመሪያ ቲዩብ አምፕሊፋየሩን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው የሚሸጥለት ብርሃን ነው። የክፍሉ መብራት ደብዘዝ ይደረጋል፤ መስታወቶቹ ብርቱካናማ ሆነው ይደምቃሉ፤ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ «ሙቀት»፣ ስለ «ነፍስ»፣ ስለ «ጥንቱ ቃና» ይሰብካል። ገዢው በዓይኑ ይማረክና ኪሱን ያራግፋል። ጆሮውን የጠየቀው የለም። ቤቱ ያለው ስፒከር ምን ዓይነት እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሳሎኑ ስንት በስንት እንደሆነ የጠየቀው የለም። ይህን ንግድ ለዓመታት ስመለከት ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ። ያ ብርሃን ለሙዚቃችሁ አንዳች ነገር አይጨምርም!

ብርሃኑ የሚመጣው በቲዩቡ ውስጥ ከሚግል ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6.3 ቮልት፣ ካቶድ የሚባለውን ክፍል ያሞቀዋል፤ ከሞቀው ካቶድ ኤሌክትሮኖች ይወጡና ፕሌት ወደሚባለው ውጨኛ ብረት ይጓዛሉ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 በመንገዳቸው ላይ ያስገባት ግሪድ ደግሞ በትንሽ ሲግናል ያን ሁሉ ፍሰት ታጠብበዋለች፣ ትለቀዋለች። ማጉላት ማለት ይኸው ነው። ሽቦው መጋሉ ለሥራው የግድ ነው፤ ድምቀቱ ግን ስለ ድምፁ ጥራት የሚነግራችሁ ነገር የለም። አቅሙ ተሟጦ ያለቀ ቲዩብም እንደ አዲሱ ያበራል።

ይህን እያወቁ ነው አንዳንድ አምራቾች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ከቲዩቡ ሥር ባለቀለም ኤልኢዲ የሚተክሉት። ከዚያም አልፎ፣ ሁለት ትንንሽ ቲዩቦች ከፊት ደርድረው ስፒከሩን የሚነዳውን ሥራ በሙሉ ከውስጥ ለተደበቀ ተራ ቺፕ የሚሰጡ አሉ። ሳጥኑ ላይ ግን «ቲዩብ አምፕሊፋየር» ይላል። ቲዩብንና ትራንዚስተርን በግልጽ ተናግሮ አዋህዶ መሥራት የተከበረ ሙያ ነው፤ በዚያ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ሳይናገሩ መሸጥ ግን ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እውነተኛው ነገር ያለው ማንም ከማያየው ቦታ ነው። የቲዩብ አምፕሊፋየር ድምፅ የሚድነውም የሚበላሸውም ከኋላ በተቀመጡት ጥቁር ብረቶች፣ በአውትፑት ትራንስፎርመሮቹ ውስጥ ነው። ቲዩብ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅና በጥቂት ከረንት ነው፤ ስፒከር የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ኢኤል84 የሚባሉት ቲዩቦች ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ በፑሽ-ፑል ሲሠሩ 8000 ኦም ገደማ ጭነት ማየት ይወዳሉ። ስፒከራችሁ 8 ኦም ነው። የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት! ይህን ገደል የሚያሻግረው ትራንስፎርመሩ ብቻ ነው፤ በቲዩቡ በኩል 32 ዙር ያህል፣ በስፒከሩ በኩል 1 ዙር በሆነ ጥምጥም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ የቤዝ ጊታሩና የከበሮው መሠረት፣ ሳይዛባ እንዲያልፍ ብዙ ብረትና ብዙ ዙር ያስፈልጋል። ዙሩ ሲበዛ ግን ቀጭኑ ድምፅ፣ የጸናጽሉና የማሲንቆው ጫፍ፣ በጥምጥሙ ውስጥ ይታፈናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ጠምጣሚው የመግቢያውንና የመውጫውን ሽቦ በንብርብር እያፈራረቀ፣ ወረቀት እየጨመረ፣ በትዕግሥት መጠምጠም አለበት። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ርካሽ ለመሥራት የተነሳ አምራች መጀመሪያ የሚቀንሰው ከዚህ ነው፤ የፊቱን ሰሌዳ በወፍራም አልሙኒየም አሳምሮ ከብረቱ ይሰርቃል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያዳምጥ ቤዙ ይላላል፣ ዘፋኙ ከመጋረጃ ጀርባ ይሆናል። ሻጩም ያን ጉድለት «የቲዩብ ቃና» ብሎ ስም ያወጣለታል።

ይህ ስድብ ነው! በዘመኑ ለነበሩት መሐንዲሶች ስድብ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሊክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣውን አምፕሊፋየር «ፖይንት ዋን» ብሎ የሰየመው መዛባቱ ከ0.1 በመቶ እንደማይበልጥ ለማወጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊልያምሰን የተባለው ወጣት መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ንድፉን አወጣ፤ 15 ዋት፣ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ በታች። ያ ንድፍ ዓለምን ዞረ። አብዛኛው ጥንቃቄ የፈሰሰውም አውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ ነበር፤ ትራንስፎርመሩን ያሳነሰ ሰው የዊልያምሰንን ድምፅ አያገኝም። እነዚህ ሰዎች ይፈልጉ የነበረው ጥራት ነው። ደብዛዛ ለስላሳነት፣ ሁሉንም ዜማ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ጭጋግ፣ ለእነርሱ መታረም ያለበት ስህተት ነበር። ዛሬ ያንኑ ስህተት በፀጋ ስም የሚሸጡ ሰዎች የቲዩብ ወዳጆች ነን ይላሉ።

ዴቪድ ሃፍለርንም አስቡት። ሃፍለር ዳይናኮ የተባለውን ኩባንያ ከመመሥረቱ በፊት አክሮሳውንድ በሚባል ድርጅት ትራንስፎርመር ይሠራ ነበር፤ ከባልደረባው ከኸርበርት ኬሮስ ጋር «አልትራሊኒየር» የተባለውን የአሠራር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀውም በትራንስፎርመር ሠሪነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ስቴሪዮ 70 የተባለው አምፕሊፋየር፣ በቻናል 35 ዋት፣ ገዢው ቤቱ ራሱ እንዲበይደው ተፈታትቶ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ቆርቆሮው ተራ፣ መልኩ ተራ፣ ብረቱ ግን የላቀ። እስከ ዛሬ በየሰው ሳሎን እየተጠገነ ይዘፍናል። የመጀመሪያ አምፕሊፋየር ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አላውቅም።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አንሱት፤ ደህና ብረት ይከብዳል። በቻናል 30 ዋት እሰጣለሁ የሚል የቲዩብ ዕቃ በአንድ እጃችሁ በቀላሉ ከተነሳ መልሳችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወጣት ዘመዴ ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቶ ባለ 300ቢ አምፕሊፋየር ገዛ። ነጠላ ቲዩብ በቻናል፣ 8 ዋት። ደውሎ «ጋሼ፣ የማህሙድን ሸክላ ሳስገባ መጀመሪያ ላይ ልብ ይነካል፤ ነፋስ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ድምፁ ይሰነጠቅብኛል» አለኝ። ስፒከርህ ስንት ዴሲቤል ነው አልኩት። ከጀርባው አነበበልኝ፤ 84። ሻጩ ይህን አልጠየቀህም? አልጠየቀም። ልጁ ቅሬታውን ይዞ ሲመለስ ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? በጣም ውድ የሆኑ ሌሎች ቲዩቦች እንዲገዛ መከረው። እነዚያም ሳይፈይዱ ሲቀሩ «ጆሮህ ገና አልለመደም» አለው።

ጆሮህ አልለመደም! ከልጅነቱ ጀምሮ በክራርና በሳክስፎን ላደገ ልጅ! የተሰነጠቀን ድምፅ ተሰንጥቋል ማለቱ ነው ጥፋቱ? አንድን ወጣት ገንዘቡን ወስዶ ጆሮውን እንዲጠራጠር ማድረግ ከስርቆት የከፋ ነው፤ ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል፣ በራስ ጆሮ ላይ ያለ እምነት ግን አንዴ ከተሰበረ በቀላሉ አይጠገንም።

ሒሳቡ እኮ ቀላል ነው። ስፒከር ላይ የሚጻፈው የዴሲቤል ቁጥር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር የሚያስፈልጋችሁ ዋት እጥፍ ይሆናል፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ባለ 84 ዴሲቤሉ ስፒከር በ8 ዋት የሚደርሰው 93 ነው፤ ያውም በአንድ ሜትር፣ ሶፋው ደግሞ ሦስት ሜትር ይርቃል። ባለ 94 ዴሲቤሉ ግን ያንኑ 93 ከአንድ ዋት ባነሰ ይሰጣችኋል። ሙዚቃ ደግሞ በአንድ ደረጃ አይሄድም፤ ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ሲነሳ ከአማካዩ አሥር ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይዘላል። የልጁ 8 ዋት ያለቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት በሬ የሚጎትተውን ሞፈር በፍየል ጠምዶ፣ ፍየሏ ስትወድቅ ገበሬውን ማረስ አትችልም ማለት ምን የሚሉት ዳኝነት ነው?

300ቢ መጥፎ ቲዩብ ሆኖ አይደለም። ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ለትልቅ ሥራ ነው። የእርሱ ታላቅ ወንድም 300ኤ በነጠላ ሆኖ፣ በ8 ዋት ገደማ፣ ትንንሽ ሲኒማ ቤቶችን ይሞላ ነበር። እንዴት? ስፒከሮቹ መለከት መሰል ግዙፍ ሆርኖች ስለነበሩ ነዋ! አንዲት ዋት ብዙ ድምፅ ታወጣባቸው ነበር። ፖል ክሊፕሽም እ.ኤ.አ. በ1946 ለቤት ማዕዘን ማምረት የጀመረው ሆርን በዚሁ መንገድ በጥቂት ዋት ቤት ያናውጣል። ቲዩቡንና ሆርኑን ለያይቶ፣ ቲዩቡን ብቻ አንግሦ፣ ለጠባብ ሣጥን ስፒከር መዳር የሻጮች ፈጠራ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ስፒከር፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየር። ቁጥሩ 90ና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር ያለው ሰው በሁለት ኢኤል84 በቻናል፣ ከ10 እስከ 15 ዋት፣ በተራ ሳሎን በደስታ ይኖራል። 86 ወይም 87 ከሆነ ወደ ኢኤል34 ፑሽ-ፑል ሂዱ፣ ከ30 እስከ 40 ዋት። የስፒከሩ ኦም ደግሞ በየድምፁ ከፍታ ስለሚለዋወጥ፣ ወደ 3 ኦም የሚወርድ ስፒከር ቲዩብን ያስጨንቃል፤ ቲዩብ አምፕሊፋየር ስፒከርን የሚይዘው እንደ ትራንዚስተር አጥብቆ አይደለምና የቤዙም የከፍተኛውም ሚዛን ይዛነፋል። ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ቢቢሲ የነደፈው ኤልኤስ3/5ኤ ስፒከር ምስክር ነው፤ 83 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም፣ ግን ኦሙ ከፍ ያለና ገር ስለሆነ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከቲዩብ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተፋቅሮ ኖሯል። ትንሽ ክፍል፣ ቅርብ መቀመጫ፣ መጠነኛ ድምፅ። እንዲህ የሚኖር ሰው ካለ ይህ መንገድ ክፍት ነው።

አገር ቤት ላለነው ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ፤ ሻንጣ። ከአሜሪካ የሚመጣ ወገን በሙሉ ልቡ አምፕሊፋየር ያመጣል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ የሰካው ሰው ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ። «መቀነሻ አለኝ» የሚለውም አይተኛ። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ታስቦ በተቆጠበ ብረት የተሠራ ፓወር ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ በመግነጢስ ይሞላል፣ ይግላል፣ ይጮኻል። ደግ አምራች ትራንስፎርመሩን ለብዙ አገር መብራት የሚስማማ አድርጎ ስለሚጠመጥም ውስጡ በባለሙያ ወደ 220 ወይም 230 ሊዞር ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስረግጡ። እዚህም ያው ነው፤ ብረቱን ነው የምትጠይቁት።

የመብራታችን ከፍ ዝቅ ማለት ለቲዩብ ጤና አይሰጥም። አቅሙ የሚመጥን ስታቢላይዘር ይኑራችሁ፤ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሙዚቃ ባይጫወትም ከ100 እስከ 250 ዋት ከግድግዳው እንደሚስብ አስቡ። መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን አጥፉት፤ ተመልሶ እስኪረጋጋም ታገሡ።

ቲዩብ ያልቃል። የኃይል ቲዩቦች እንደ አያያዛቸው ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ይሠራሉ፤ በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት። ትንንሾቹ እጅግ ይቆያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ አምፕሊፋየራችሁ በብዙ ቦታ የሚሠራ፣ ዋጋው የማያሳቅቅ ቲዩብ የሚበላ ይሁን፤ ኢኤል84ም ኢኤል34ም እንዲህ ናቸው። በዓለም ላይ በብዛት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በስሎቫኪያ፣ በሩሲያዋ ሳራቶቭ፣ በቻይና። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬንን ጦርነት ተከትሎ ሩሲያ የወጪ ንግድ እገዳ ስታወጣ የሳራቶቭ ቲዩብ ለጊዜው ቆሞ፣ ሰው ያገኘውን በእጥፍ ዋጋ ሲሻማ አይተናል። ብርቅ ቲዩብ የሚጠይቅ ዕቃ የገዛ ጀማሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ በቆርቆሮ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

«የድሮ ሙላርድ ነው፣ የድሮ ቴሌፉንከን ነው» እያሉ በድሮ ቲዩብ አምራቾች ስም የሚያማልሏችሁንም ሽሹ። ስሙ እንደ አዲስ የታተመበት አሮጌ ቲዩብ ገበያውን አጥለቅልቆታል። በአዲስነት የሚሸጠው ሙላርድ ደግሞ የእንግሊዝ ሳይሆን የሳራቶቭ ሥራ ነው፤ ስሙ ተገዝቶ ነው። ሥራው ደህና ነው፤ በዋጋው ከሸጡልኝ እኔም እገዛለሁ። ስም ለማምለክ ግን ጀማሪ ገንዘብ የለውም፤ ያለውን ብር ስፒከሩ ላይ ያውለው።

ባያስን፣ ማለትም ቲዩቡ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚስበውን ከረንት ልክ ማስያዝን፣ በሚመለከት ክርክር አልፈልግም፤ ለመጀመሪያ ዕቃ ራሱን የሚያስተካክል፣ በካቶድ ባያስ የሚሠራ ይሁን። ጥቂት ዋት ይቀንሳል፤ ከቮልት መለኪያና ከካቻቢቴ ጋር ግን አያታግላችሁም።

አደጋውን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። በዚህ ሣጥን ውስጥ ከ300 እስከ 450 ቮልት ይዞራል። ከሶኬት ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ ያን ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ፤ ሰው ይገድላል። ባለሙያ ሳይሆኑ አትክፈቱት። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ የብረት መከለያ የሌለው አምፕሊፋየር መግባት የለበትም፤ ቲዩቡ ጣት ይጠብሳል። ማሳያ ቦታ ላይ መከለያውን አውልቆ የሚሸጥ ሱቅ፣ መከለያውን ለየብቻ የሚያስከፍል አምራች፣ ሁለቱም ያሳፍራሉ። ስፒከር ሳይታሰር አታብሩት፤ ያው ትራንስፎርመር ጭነት ሲያጣ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን መሞከሪያ ዲስክ አትስሙ፤ እርሱ የመረጠው ዕቃው የማይወድቅበትን ነው። የእማሆይ ፅጌማርያምን ፒያኖ አስገቡ፤ ግራ እጃቸው የሚነካው ወፍራም ኖታ ከቀኙ ተለይቶ ይሰማል ወይስ ይቀላቀላል? የሙላቱን ቫይብራፎን አስገቡ፤ ከተመታ በኋላ ያለው ንዝረት እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል ወይስ ተቆርጦ ይቀራል? ከዚያ ድምፁን ቤታችሁ ከምታዳምጡበት ትንሽ ከፍ አድርጉና የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ልቀቁበት። ብረቱ የሳሳ አምፕሊፋየር እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ለሻጮች ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። ዋጋውን በምትለጥፉበት ወረቀት ላይ የዕቃውን ክብደት ጻፉ። ዋቱን ስትጽፉ በስንት በመቶ መዛባት እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ፤ በ1000 ኸርዝ ብቻ ሳይሆን በ30 ኸርዝም ስንት ዋት እንደሚሰጥ ጻፉ፤ የትራንስፎርመሩን ልክ የሚያጋልጠው ይኸኛው ቁጥር ነውና። ከስንት ዴሲቤል በታች ለሆነ ስፒከር እንደማይሆን ጻፉ። የቲዩብ መለወጫውን ዋጋ ጻፉ። ገዢዎችም እነዚህ ያልተጻፉበትን ዕቃ አትግዙ፤ በትራንዚስተሩ እያዳመጣችሁ ለደህና ስፒከር አጠራቅሙ።